የእናቴ ስልክ እና የባሕር ውስጥ ገመድ

እናቴ በስልክ የሰው ስም አትጠራም። «ያ ባለ ቀይ በሩ»፣ «የላይኛው ቤት ሰውዬ»፣ «ያ ነገር ዛሬም አልተሻለውም» ትላለች። እኔ ለንደን ተቀምጬ እንቆቅልሹን ስፈታ የስልክ ካርዴ ያልቅ ነበር። ልማዱን ያመጣችው ከደርግ ዘመን ነው፤ አዲስ አበባ፣ ካራ ሰፈር ቤት ሠርታ ከገባች በኋላም አልለቀቃትም። «እማዬ፣ እኔ እኮ ያለሁት እንግሊዝ አገር ነው፤ ማን ይሰማናል?» እላት ነበር። ያውም በኩራት።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 ኤድዋርድ ስኖውደን ያወጣቸው ሰነዶች ያን ኩራት አበረዱት። የብሪታንያው የስለላ ተቋም ጂሲኤችኪው ቴምፖራ በተባለ ፕሮግራም ከባሕር ማዶ የሚመጡትን የፋይበር ኦፕቲክ ገመዶች ጠልፎ፣ የሚያልፈውን ይዘት 3 ቀን፣ ማን ለማን መቼ እንደ ደወለ የሚናገረውን መረጃ ደግሞ 30 ቀን ያቆይ ነበር።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ሕጉ ነው። በ2000 የወጣው የብሪታንያ ሕግ አንዱ ጫፉ ከአገር ውጭ የሆነውን ግንኙነት «ውጫዊ» ብሎ ለይቶ በጅምላ እንዲጠለፍ ፈቅዶ ነበር። እንግሊዛዊው ጎረቤቴ ማንችስተር ላሉት እናቱ ሲደውል የአገር ውስጥ ጨዋታ ነበር፤ እኔ ካራ ስደውል ግን ውጫዊ ነበርሁ። ግብሩን የምንከፍለው እኩል ነው! የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2021 አሠራሩ የግል ሕይወትንና ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ጥሷል ብሎ ፈርዷል። የጅምላ ጠለፋውን ራሱን ግን አልከለከለም።

ለገና አዲስ አበባ ስገባ ይህን ሁሉ ለእናቴ ነገርኋት። ግቢው ብርዳም ነው፤ ከባሕር ዛፉ በኩል ያለው አጥር ግማሹ ቆርቆሮ፣ ግማሹ እሾህ እንደሆነ ቀርቷል። ቡና እየቆላች አዳመጠችኝ። አገራችን ባሕር ስለሌላት ኢንተርኔታችን በየብስ ጅቡቲን ወደ መሳሰሉ ጎረቤቶች ሄዶ እንደሚሻገር፣ ከዚያ በቀይ ባሕር ወለል በተዘረጉ ገመዶች አውሮፓ እንደሚደርስ ገለጽሁላት። ዛሬ በዋትስአፕ የምናወራው ስለሚመሰጠር ገመዱን የጠለፈ ሁሉ ቃላችንን እንደማይሰማም ጨመርሁ።

አልደነገጠችም፤ ቅር የተሰኘችም አልመሰለኝም። ምጣዱን አውርዳ የቡናውን ጢስ በእጇ ወደ እኔ እየላከች፣

«ያኔ በካርድ ስትደውል ያልኸውን ስንት ቀን ነው የሚያስቀምጡት?» አለች።

«ሦስት።»

«መደወልህንስ?»

«ሠላሳ።»

አጥሩን አየች፤ እኔን አየች።

«እንግዲያው መደወልህን ይመሰክራሉ እንጂ ቆርቆሮውን እልካለሁ ማለትህንማ አጥፍተውታል።»