ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ? በጡረታ ገንዘብ የሚኖርበትን ከተማ የመረጥኩበት መንገድ

ስለ ጡረታ ከተማ ሲወራ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የቤት ኪራይ ነው። እኔ ኪራዩን ወደ ኋላ ገፋሁት። ጡረተኛን ወር ሳይሞላ እጁን የሚያሳጥረው ባጃጅ፣ ውሃ፣ ከሰልና መድኃኒት ነውና።

በመጀመሪያ የሚገባውን ገንዘብ አሰላሁ። ለመንግሥት ሠራተኛ የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ይያዝና ለ10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ ይታሰባል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 30 ዓመት ያገለገለ 55 በመቶ ያገኛል። አማካዩ 12,000 ብር ከነበረ 6,600 ብር ማለት ነው። ኪራይ ከዚህ ሲሶውን ካለፈ ለሕክምና የሚተርፍ አይኖርም።

ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ይህ በየወሩ ወጪ ላይ ይታያል። ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ ተዳፋት ላይ ስለሆነ ከአስፋልት ርቆ ዳገት ላይ ያለ ቤት ይረክሳል፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ግን ለሽንኩርት እንኳ ባጃጅ ኮንትራት ይይዛል። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ደግሞ ከሰል ይፈጃል። ኮምቦልቻ ሜዳ ይበዛዋል፣ ይሞቃል፤ ከ2,000 ሜትር በታች በመሆኑ ግን ወባ አለ፣ አጎበር ግድ ነው። ትልቁ ሆስፒታል ያለው ደሴ ነው። ስለዚህ ቀጠሮው በወር አንዴ ለሆነ ሰው ኮምቦልቻ ተቀምጦ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ መውጣት ያዋጣል፤ በየሳምንቱ ለሚመላለስ ደሴ፣ ያውም ሆስፒታሉ አቅራቢያ። እኔ ኮምቦልቻን ያልኩት በዚህ ስሌት ነው።

ቤት የሚታየው በሐምሌ ነው። በበጋ የተቀባ የጭቃ ግድግዳ ምንም አይናገርም። ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጋችሁ መዳፋችሁን ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ለጥፉ፤ ከቀዘቀዘና ቀለሙ እንደ ዱቄት እጃችሁ ላይ ከቀረ እርጥበቱ ከመሠረት እየወጣ ነው፣ ቀለም አያድነውም። እንዲህ ያለ ቤት አስም ላለበት ሰው በነፃም ውድ ነው።

ቆጣሪውን ጠይቁ። የመብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ዋጋው ስለሚጨምር፣ አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ትንሽ የሚያበራው ሰውም በከፍተኛው እርከን ይከፍላል። የውሃውን ፈረቃ ከአከራይ ሳይሆን ከጎረቤት ስሙ፤ ሮቶ ከሌለ በጀሪካን የሚገዛውን ኪራዩ ላይ ደምሩት።

የኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። በከተማችሁ ሥራ ላይ መዋሉን ከከተማ አስተዳደሩ አረጋግጡ። መሸኛ ግን ከቀድሞው ቀበሌ ዕቃ ከመጫኑ በፊት አውጡ፤ ያለ እሱ አዲሱ ቀበሌ መታወቂያ አይሰጥም።