ስድስት ስልኮች በአንድ መደርደሪያ፦ የመተግበሪያ ፍተሻን በጅማ እንዴት አውቶማቲክ አደረግነው

ባለፈው የቡና ግዢ ወቅት፣ በጥቅምት መጨረሻ፣ ከአጋሮ አቅራቢያ ካለ የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያ ስልክ ተደወለልኝ። ደዋይዋ የግዢ መዝጋቢ ናት። «ወንድሜ፣ ኪሎውን ካስገባሁ በኋላ መዝግብ የሚለው የለም» አለችኝ። ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ በምንጠቀምበት ኢሙሌተር፣ ማለትም ስልክን በሚያስመስለው ፕሮግራም፣ ቁልፉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በማግስቱ ሄጄ ስልኳን ስቀበላት ነገሩ ገባኝ። ስልኳ ትንሽ ነው፤ ፊደሉንም ለዓይኗ እንዲመቻት አጉልታዋለች። የቁጥር ሰሌዳው ብቅ ሲል «መዝግብ» የሚለውን ቁልፍ ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል። ገበሬዎቹ ቡናቸውን አስቀምጠው ተሰልፈው ነበር። እሸት ቡና ደግሞ አያድርም፤ በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት። እሷ ሁሉንም በደብተር እየጻፈች አስተናገደቻቸው፤ እኔ አጠገቧ ቆሜ አፈርኩ።

መተግበሪያው ቀላል ነው። መዝጋቢው የገበሬውን ስም፣ የቡናውን ክብደትና ዋጋውን ያስገባል፤ ክብደቱ በኪሎም በፈረሱላም ይታያል፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይሠራል። ኔትወርክ በሌለበት መዝግቦ ይይዝና ሲገኝ ወደ ማዕከል ይልካል። ሦስት ሆነን ነው የምንሠራው። አዲስ እትም ከማውጣታችን በፊት ስልኮችን እየተቀባበልን በእጅ እንፈትሽ ነበር፤ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዓይን ይደክምና የታየውም ያልታየውም «ደህና ነው» ይባላል። ከአጋሮ ስመለስ ለባልደረቦቼ አንድ ነገር ብቻ ነገርኳቸው፦ ከእንግዲህ መዝጋቢዎቹ እጅ ላይ ባለው ዓይነት ስልክ ላይ ያልተፈተሸ እትም አይወጣም።

መጀመሪያ ለየጣቢያው ደውለን ምን ዓይነት ስልክ እንደሚይዙ ጠየቅን። ከዚያ ሂርማታ መርካቶ ወርደን ያገለገሉ ስድስት ስልኮች ገዛን፤ ሁለት ቴክኖ፣ ሁለት ሳምሰንግ፣ አንድ አይቴል፣ አንድ ኢንፊኒክስ። ትልቁ ቁም ነገር አዲስና ፈጣን ስልክ አለመግዛታችን ነው። ከስድስቱ አንዱ 1 ጊጋባይት ማህደረ ትውስታ ብቻ ያለው ነው፤ እስካሁን ከሁሉም በላይ ጉድለት ያሳየን እሱ ነው።

ስልኮቹን ማዘጋጀት አንድ ቀን ወሰደ። «ቅንብሮች» ውስጥ ገብቶ የግንባታ ቁጥሩን 7 ጊዜ መንካት የገንቢ አማራጮችን ይከፍታል፤ እዚያ ውስጥ «የዩኤስቢ ማረም» የሚለውን ማብራት ነው። ስልኩ ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ «ይህን ኮምፒውተር ትፈቅዳለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «ሁልጊዜ ፍቀድ» የሚለው ላይ ምልክት ካልተደረገ ጥያቄው ይደጋገማል፣ ፍተሻውም በሌሊት ፈቃድ ሲጠብቅ ያድራል። ግማሽ ቀን ያባከነብን ግን ገመድ ነው። ከስልኮቹ ጋር ካገኘናቸው ገመዶች ሦስቱ ቻርጅ ብቻ ያደርጋሉ፤ መረጃ የሚያስተላልፈው ሽቦ የላቸውም። ስልኩ ቻርጅ ሲያደርግ እያየህ ኮምፒውተሩ «ምንም ስልክ የለም» ሲልህ ገመዱን አትጠረጥርም። መጠርጠር ግን ከገመዱ መጀመር አለበት።

የመጀመሪያ ሙከራችን ኤዲቢ በሚባለው የአንድሮይድ መሣሪያ ብቻ ነበር፦ ስክሪኑ ላይ ይህን ነጥብ ንካ፣ ይህን ጻፍ የሚሉ ትእዛዞችን በተርታ መስጠት። አንዱ ስልክ ላይ ሠራ። ሌላው ላይ የስክሪኑ ስፋት ስለሚለይ ጣቱ ባዶ ቦታ ይነካል። ከዚያም በላይ የኤዲቢ የመጻፊያ ትእዛዝ የግዕዝ ፊደል አይቀበልም። የገበሬ ስም በአማርኛ መጻፍ የማይችል ፍተሻ ለእኛ ምን ይሠራል?

ስለዚህ ወደ አፒየም ዞርን። አፒየም መተግበሪያን እንደ ሰው እየነካ የሚፈትሽ ነፃ ፕሮግራም ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁልፍ በቦታው ሳይሆን በመለያ ስሙ ወይም በጽሑፉ ፈልጎ ይነካል፤ አማርኛም ይጽፋል። እዚህ ላይ ለጀማሪ ሁለት ነገር ልንገር። ከሁለተኛው እትም ወዲህ ለአንድሮይድ የሚያገለግለው ዩአይ ኦቶሜተር 2 የተባለው ክፍል ለብቻው መጫን አለበት፤ አፒየምን ብቻ ጭኖ የሚጠብቅ ሰው ስህተት ብቻ ያነባል። ሁለተኛው አድራሻ ነው። የቆዩ መመሪያዎች አፒየም ከሚያዳምጥበት የግንኙነት በር (ፖርት) ቁጥር፣ ከ4723፣ በኋላ «ደብሊውዲ» እና «ሃብ» የሚሉ ቃላትን እንድትጨምር ያዝዛሉ፤ በአዲሱ እትም ያ ጅራት ቀርቷል፤ ከተጨመረ የአፒየም አገልጋይ (ሰርቨር) «የለም» ይላል። ስድስቱን ስልክ በአንድ ጊዜ ለማስኬድ ደግሞ ለእያንዳንዱ የራሱን መለያ ቁጥርና ከ8200 እስከ 8299 ባለው ውስጥ የራሱን የሲስተም በር ሰጠነው። ይህን ሳናደርግ በፊት አንዱ ስልክ የሌላውን ግንኙነት ይቆርጥ ነበር።

ፍተሻዎቹን መጻፍ ከባድ አልነበረም። የከበደው ስልኮቹን ሁልጊዜ ከአንድ ዓይነት ሁኔታ ማስጀመር ነው። ትናንት የተመዘገበ ገበሬ ዛሬም ዝርዝሩ ውስጥ ካለ፣ «አዲስ ገበሬ መዝግብ» የሚለው ፍተሻ ይወድቃል፤ መተግበሪያው ግን ጤነኛ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ፍተሻ ከመጀመሩ በፊት የመተግበሪያውን መረጃ እናጸዳለን። ማጽዳቱ ደግሞ የተሰጡ ፈቃዶችንም አብሮ ያነሳል፤ የካሜራ ፈቃድ የሚጠይቀው መስኮት እንደገና ብቅ ብሎ ሁሉንም ያስቆማል። ይህን ለማወቅ ሦስት ሌሊት ፈጀብን። አሁን ቅደም ተከተሉ ማጽዳት፣ ፈቃድ መስጠት፣ መጀመር ነው። የስክሪን መቆለፊያውን አስወገድን፤ የስክሪን እንቅስቃሴን ፍጥነት የሚወስኑትን ሦስቱንም የአኒሜሽን መለኪያዎች ዜሮ አደረግን።

ጅማ ዝናብ የማያጣት ከተማ ናት፤ ዝናብና ነጎድጓድ ሲመጣ መብራት ይሄዳል። ገመዱ ስለሰለቸን መጀመሪያ ስልኮቹን በዋይፋይ አገናኝተን ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ራውተሩ ይጠፋል፣ ሁሉም ይቋረጣል። ወደ ገመድ ተመለስን። ከኮምፒውተሩ ብቻ ኃይል የሚያገኝ የዩኤስቢ ማከፋፈያ ደግሞ አልበቃም፤ አንድ የዩኤስቢ 2 መሰኪያ የሚሰጠው 500 ሚሊ አምፔር ነው፤ ይህ ለስድስት ሲካፈል ስክሪናቸው በርቶ የሚያድሩ ስልኮች እየተሞሉ ሳይሆን እያለቁ ይሄዳሉ። የራሱ ኃይል ያለው ማከፋፈያና መብራት ሲጠፋ ከባትሪው ኃይል የሚሰጥ አነስተኛ ዩፒኤስ ገዛን። አንድ ቅዳሜና እሁድ ግን ዩፒኤሱም አልቆ፣ ባትሪው የደከመው ስልክ ጠፍቶ ሰኞ ሲነሣ ቀኑን እ.ኤ.አ. 1970 ብሎ አገኘነው። ቀኑ የተሳሳተ ስልክ ላይ የማዕከሉ አገልጋይ የደህንነት ምስክር ወረቀት ዋጋ ስለሌለው መረጃ መላክ አይችልም፤ ሪፖርቱ ላይ ግን «መላክ አልተሳካም» ብቻ ነበር የተጻፈው። ጉድለቱን ኮዳችን ውስጥ አንድ ሙሉ ቀን ፈለግነው። ከዚያ በኋላ ፍተሻው ከመጀመሩ በፊት ስልኩ መገናኘቱን፣ የባትሪውን መጠንና ቀኑን ያያል፤ አንዱ ከጎደለ «ስልኩ ዝግጁ አይደለም» ብሎ ለብቻ ይጽፋል። በመተግበሪያው ውድቀትና በስልኩ ውድቀት መካከል ይህን መስመር ማስመር ከሠራነው ሁሉ የበለጠ ጠቅሞናል።

በአምስተኛው ወር የአንዱ ስልክ ጀርባ ተነሥቶ አየሁ። ወስጄ ያሳየኋቸው ጋሼ፣ ስልክ በመጠገን የኖሩ ሰው ናቸው፤ አንዴ ነክተው «ልጄ፣ ይህ ባትሪ አብጧል፤ ሌት ተቀን እየሰካህ ነው? እሳት ነው የምታሳድገው» አሉኝ። በዚያው ቀን ባትሪውን አስቀየርኩ። አሁን ማከፋፈያው የሚበራው ለፍተሻው ሰዓት ብቻ ነው፤ መደርደሪያውም ከእንጨት ወደ ብረት ተለውጧል።

ገመዱ ሌላም ነገር ደብቆብን ነበር። መዝጋቢዎች ስልኩን ኪሳቸው ከተው ሲሄዱ መላኩ ለሰዓታት እንደሚዘገይ ይነግሩናል፤ መደርደሪያችን ላይ ግን ሁልጊዜ ወዲያው ይላካል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ከአንድሮይድ 6 ጀምሮ ያለው ኃይል ቆጣቢ እንቅልፍ ስልኩ ቻርጅ ላይ እያለ አይመጣም። ኤዲቢ ውስጥ ስልኩ ገመዱ እንደተነቀለ እንዲያምን የሚያደርግ ትእዛዝ አለ፤ ሌላው ደግሞ ወዲያው ወደ እንቅልፍ ያስገባዋል። እነዚህን ስንጨምር መዝጋቢዎቹ ያዩትን እኛም በዓይናችን አየን፤ ለሁለት ወር «ኔትወርኩ ነው» ያልናቸው ትክክል አልነበረም።

ከፊደል ጋር የነበረውም ትግል ቀላል አይደለም። መጀመሪያ ቁልፎችን በጽሑፋቸው እንፈልግ ነበር። ቋንቋው ወደ አፋን ኦሮሞ ሲቀየር «መዝግብ» «ገልሜሲ» ይሆናልና ሁሉም ወደቀ። በአማርኛውም ቢሆን አንዱ ገጽ «ፀሐፊ» ሌላው «ጸሐፊ» ይላል፤ ለአንባቢ አንድ ነው፣ ለኮምፒውተር ሁለት ነው። ቁልፎቹን ሁሉ በማይለወጥ መለያ መፈለግ ጀመርን። ያ ውድቀት ግን መልካም ነገር አመጣ፤ ገበሬን በስም መፈለጊያው ራሱ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ጸ እና ፀን እንደ አንድ እንዲያይ አስተካከልነው። አንድ ገበሬ በሁለት አጻጻፍ ሁለት ጊዜ እየተመዘገበ እንደነበረም ያኔ ደረስንበት።

ደረሰኙ ላይ የሚታተመው ቀን በእኛ አቆጣጠር ነው። ጳጉሜ አብዛኛውን ጊዜ 5 ቀን፣ በየአራት ዓመቱ 6 ቀን ናት፤ የ2015ቷ 6 ነበረች። የስልኩን ቀን ከውጭ መቀየር ስለማይፈቀድ፣ መተግበሪያው ቀኑን ከአንድ ቦታ ብቻ እንዲጠይቅ አድርገን በፍተሻ ጊዜ ጳጉሜ 6 እንሰጠዋለን። ሰዓቱም አሳስቶናል። ፍተሻው ማታ በ4 ሰዓት እንዲጀምር ተስማምተን ባልደረባዬ 4 ብሎ ጻፈ፤ ኮምፒውተሩ በራሱ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ጀመረው፣ ጠዋት ስንገባ ገና እየሠራ ነበር። አሁን 22 ተብሎ ተጽፏል፤ ከጎኑም ለሚቀጥለው ሰው ማብራሪያ አለ።

አይፎን አልጨመርንም፤ ማክ ኮምፒውተር ይፈልጋል፣ መዝጋቢዎቻችንም አይይዙትም።

የዘንድሮው ግዢ ከመጀመሩ ሁለት ሳምንት በፊት፣ በትንሿ ስልክ ላይ ፊደሉን አጉልቶ የሚሞክረው ፍተሻ ወደቀ፤ አዲስ የጨመርነው የዋጋ መስመር ቁልፉን እንደገና ወደ ታች ገፍቶት ነበር። ከሰዓት በፊት ተስተካከለ። ከአጋሮዋ መዝጋቢ ዘንድሮ የተደወለልኝ ስለ ደረሰኝ ማተሚያው ብቻ ነው፤ እሱ በብሉቱዝ ስለሚገናኝና ወረቀቱን ማየት ስለሚያስፈልግ አውቶማቲክ አላደረግነውም። በየሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንዳችን ቁጭ ብለን ደረሰኝ እያተምን በዓይን እናነባለን።