ጸናጽሉ የት ሄደ? ለዋንዛ ስፒከሬ ትዊተር ስፈልግ የደረሰብኝ

ይህን የምጽፈው ማንም ስላልነገረኝ ነው። አንድ ሰው ቀደም ብሎ "ተው ወንድምዓለም፣ መጀመሪያ የትልቁን ስፒከር ቁጥር እይ" ቢለኝ ኖሮ አምስት ወር፣ ብዙ ብርና አንድ ትዊተር ባልከሰርኩ ነበር።

ትዊተር ስል የስልኩን አይደለም። ከትልቁ ስፒከር በላይ የምትገጠመው፣ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ስፒከር ናት። ጎንደር ውስጥ "ትዊተር አለህ?" ስል ስንቱ ስልኩን እንዳወጣልኝ አልነግራችሁም። ወዲያው የገባቸው ባጃጅና ሚኒባስ ላይ ቴፕ የሚገጥሙት ልጆች ብቻ ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው ከአባቴ ራዲዮግራም ነው። ሳሎናችን ውስጥ ብፌ የሚያህል ቦታ ይዞ ኖረ። ሸክላ ሲዞርበት ድምፁ ቤቱን ይሞላል፣ ጆሮ ግን አይወጋም። ከተበላሸ ቆይቷል። ያንን ድምፅ የሚመስል ስፒከር በገዛ እጄ ካልሠራሁ አልኩ።

ሳጥኑ ብዙ ወሬ የለውም። ከአንድ የተጣለ ሞንታርቦ ሁለት ባለ 12 ኢንች የወረቀት ስፒከሮች አወጣሁ። ጠርዛቸው ጎማ ሳይሆን እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ወረቀት ነው። አናጢው ፊቱን ከዋንዛ፣ ጎንና ጀርባውን ከኮምፔርሳቶ ሠራልኝ። ኮላ፣ ብሎን፣ ቫርኒሽ። በሳምንቱ አለቀ።

መከራው የመጣው ትዊተር ላይ ነው።

ስለ ትዊተር ያነበብኩት ሁሉ አንድ ነገር ይላል፦ ሶፍት ዶም ግዛ። ከስስ ጨርቅ የሚሠራ፣ ፊቱ እንደ ግማሽ ኳስ ያበጠ፣ ባለ 1 ኢንች። ለስላሳ ነው፣ ድምፁን በሰፊው ይበትናል። ይህን አልክድም። እዚህ ስላላገኘሁ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ሁለት ገዝቶ በጥቅል ላከልኝ።

ጥቅሉ የሚፈተሽበትን መሥሪያ ቤት ስም ልተወው። መስኮቱ ጋ የነበረችው ልጅ ትሑት ነበረች፤ እሱ ነው የባሰው።

"ምንድነው ይሄ ጋሼ?"

"ትዊተር ነው።"

"ትዊተር እኮ አፕ ነው" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ያኔ ገና የመጀመሪያው ቀን ነበር።

ከካርቶኑ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው አጠገቡ የነበሩት የወረቀት መያዣ ሽቦዎች ማግኔቱ ላይ ጥርቅም አሉ። ፊቷ ተለወጠ። "ይሄማ መጣራት አለበት" አለች። ስፒከር ሁሉ ማለት ይቻላል ማግኔት አለው ብል ማን ይስማኝ። በሁለተኛው ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ተገኙና ደረሰኙ ማኅተም የለውም አሉኝ። በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ ማኅተም ከየት ያመጣል? "እሱን እርስዎ ያውቃሉ" አሉኝ። በአራተኛው ቀን ምን እንደተለወጠ ሳይገባኝ ያው ደረሰኝ፣ ያው ማኅተም የሌለው፣ ተቀባይነት አገኘ። ግን ሁለቱ ትንንሽ መለዋወጫዎች እንደ ሙሉ የሙዚቃ ዕቃ ተቆጠሩ። የከፈልኩት ቀረጥ ከትዊተሮቹ ዋጋ ጋር እኩል ሆነ። አራት ቀን ከሥራ ቀርቼ ማለት ነው። እስከ ዛሬ በዚያ በር ሳልፍ ደሜ ይፈላል።

የሚያናድደው ግን ይህ አይደለም። ይህን ሁሉ የተንከራተትኩበት ዕቃ ለእኔ ሳጥን የማይሆን መሆኑ ነው። ለዚህ ደግሞ ቢሮውን መውቀስ አልችልም።

ጎረቤቴ መሪጌታ ናቸው። አቋቋም ያስተምራሉ። ትዊተሮቹን በገጠምኩ ዕለት ቡና ጠራኋቸውና የማኅሌት ቅጂ ከፈትኩ። ከበሮው ደረት ይመታል። ዜማው ሞላ ብሎ ይመጣል። እኔ ኩራቴ ጣሪያ ነካ። እሳቸው ጎንበስ ብለው አዳመጡ፣ ፍንጃላቸውን አስቀመጡና "ከበሮውስ እሺ። ጸናጽሉ የት ሄደ?" አሉኝ።

እውነትም ጸናጽሉ የለም። አለ፣ ግን ከሌላ ክፍል፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የሚንሿሿ ይመስላል።

ምክንያቱን ያወቅሁት ዘግይቶ ነው። ስፒከሮች ሴንሲቲቪቲ የሚባል ቁጥር አላቸው። ለሁለቱም እኩል ቮልት ብትሰጡ በ1 ሜትር ርቀት ማን ምን ያህል ይጮሃል ነው ነገሩ። የእኔ የሞንታርቦ ወረቀት ከጀርባው 96 ዲሲቤል ይላል። ዶሙ 89 ነው። ልዩነቱ 7 ብቻ ነው ብዬ ናቅሁት። ዲሲቤል ግን እንደ ብር አይቆጠርም። 3 ዲሲቤል ለመጨመር ኃይሉ እጥፍ መሆን አለበት፤ ለ7 ደግሞ አምስት እጥፍ። የዛሬ ትንንሽ የቤት ስፒከሮች ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ ስፒከራቸው ራሱ 86 ወይም 88 ስለሆነ ዶም ይመጥናቸዋል። የድሮ ትልልቅ ወረቀት ግን ጩኸታም ነው። በዚያ ላይ የሚጮኽ ትዊተር በሬዚስተር (ኤሌክትሪኩን በምትቀንስ ትንሽ ዕቃ) ዝም ይሰኛል፤ ዝም ያለውን ግን በምንም ሬዚስተር አታስጮኹትም።

እኔ ግን ልሞክር አልኩ። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ።

መጀመሪያ ትዊተሩ ላይ ያለውን ካፓሲተር ቀየርኩ። ካፓሲተር ወፍራሙን ድምፅ አግዶ ቀጭኑን ብቻ የሚያሳልፍ በር ነው። ለ8 ኦም ትዊተር (ኦም ዕቃው ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበት መለኪያ ነው) 4.7 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከገጠማችሁ በሩ 4,200 ኸርዝ አካባቢ ላይ ነው። እኔ 10 አደረግሁት። በሩ ወደ 2,000 ወረደ። ከትዊተሩ ጋር የመጣው መግለጫ "ከ2,000 ጀምሮ ይሠራል" ይላል እኮ! የማይለው ነገር ያ ቁጥር ጠንከር ላለ የድምፅ መከፋፈያ መሆኑን ነው፤ ኮይልም (የተጠመጠመ ሽቦ) ካፓሲተርም ላለው። አንድ ካፓሲተር ብቻዋን በር ሳትሆን መጋረጃ ናት። ወፍራሙ ድምፅ ከሥሯ ይሾልካል።

ቀጥሎ የአምፕሊፋየሩን ትሬብል እስከ መጨረሻው አዞርኩ። ድምፁንም ጨመርኩ። እሑድ ከሰዓት ነው፤ ቤት እንግዳ አለ፤ ጸናጽሉ በመጨረሻ መጣ። ሩብ ሰዓት አልቆየም። መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ የተቃጠለ ቫርኒሽ ዓይነት። ከዚያ የግራው ሳጥን ቅጭል አለና ዝም አለ። በቴስተር ብለካው ምንም አያነብም። ውስጡ ያለው ሽቦ ከፀጉር ስለማይተናነስ ሲግል ይበጠሳል።

"30 ዋት" ይላል ጀርባው። የእኔ አምፕ 20 ነው። እንዴት ይቃጠላል? ያ 30 ዋት ለሙሉ ሙዚቃ የተሰጠ ቁጥር ነው፤ ትዊተሩ ጋ የሚደርሰው ከዚያ ጥቂቱ ነው ተብሎ ነው የተሰላው። አምፑ ከአቅሙ በላይ ሲጮኽ ደግሞ የድምፁ ሞገድ አናቱ ይቆረጣል። የተቆረጠ ሞገድ በቀጭን ድምፅ የተሞላ ነው፣ ያ ሁሉ የሚሄደው ወደ ትዊተሩ ነው። ትንሽ አምፕ አስጨንቆ ማስጮኽ ትልቅ አምፕ በልክ ከመክፈት ይልቅ ትዊተር ይገድላል። ይህን ባጃጅ ገጣሚ ልጅ ነው የነገረኝ፤ "ጋሼ፣ እኛ ጋ በሳምንት ስንቱ ይቃጠላል" አለኝ።

እሱው ልጅ ባለ 4 ኦም የመኪና ትዊተር ሰጠኝ። ብርቱ ነው፣ ግን ሸክላ ላይ "ሰ" የሚል ፊደል በመጣ ቁጥር ያፏጫል። ፒዬዞ የሚባለውን፣ እንደ ቀንድ የሰፋውን ትዊተርም ሞከርኩ። በጣም ርካሽ ነው፣ ይጮሃል፣ አይቃጠልም ማለት ይቻላል። ጸናጽሉን ግን ወደ ቆርቆሮ ለወጠው። ለማስታወቂያ መኪና ይሁን።

መፍትሔው የተገኘው ቅዳሜ ገበያ ነው። አሮጌ ዕቃ ከሚዘረጉት አንዱ ጋ፣ በተሰበረ ብረት ምጣድና በቴሌቪዥን ሪሞት መሃል፣ የፈረሰ የድሮ የጃፓን ስቴሪዮ ሳጥን አየሁ። ውስጡ ባለ 3 ኢንች የወረቀት ትዊተር አለ፤ ጀርባው በብረት የተደፈነ፣ መሃሉ ላይ ትንሽ ጉልላት ያለው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1950ዎቹና 60ዎቹ ራዲዮና ስቴሪዮ ውስጥ በአብዛኛው የነበረው ይህ ዓይነቱ የወረቀት ትዊተር እንጂ የጨርቅ ዶም አልነበረም። የአባቴን ድምፅ ስፈልግ የአባቴን ዘመን ዕቃ ትቼ የዛሬን መግዛቴ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ቴስተሬን አወጣሁ። 8 ኦም የሚባል ትዊተር በቴስተር ከ6 እስከ 7 ያነባል፤ 8 ካላነበበ ብላችሁ አትጣሉት። ሳጥኑ ውስጥ ከነበሩት አራት ትዊተሮች ሦስቱ ደህና ነበሩ፤ አራተኛውን በሌላ ቅዳሜ ከሌላ ሳጥን አገኘሁ። ሻጩ "ውሰደው ጋሼ፣ ለራሱም አይሆን" አለኝ። ለአራቱ በድምሩ 600 ብር ከፈልኩ። ቀረጡ ብቻ ስንት እንደነበር አልነግራችሁም።

በየሳጥኑ ሁለት ገጠምኩ። የወረቀት ትዊተር ድምፁን እንደ ባትሪ መብራት ወደፊት ብቻ ስለሚወረውር አንዱን ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ሌላውን ወደ ግራ አዘነበልኩ። ለእያንዳንዱ የራሱ 4.7 ማይክሮፋራድ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲገናኙ ጩኸታቸው እስከ 6 ዲሲቤል ይጨምራል፤ ከ96ቱ ጋር የታረቁትም በዚህ ነው። ካፓሲተሩ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ የሌለው ዓይነት ይሁን። ካጣችሁ ሁለት ተራ ባለ 10 ኔጋቲቩን ከኔጋቲቭ አገናኙ፤ 5 ይሰጣችኋል፤ ለእኔ ለሁለቱ እንዲያ ነው የሠራሁት። የትዊተሩን ሽቦ ደግሞ ገልብጣችሁም ሞክሩ። ሞላ ብሎ የሚሰማው ነው ትክክሉ፣ ቀይና ጥቁሩን እርሱት።

"ከ12,000 ኸርዝ በላይ አያወጣም እኮ" የሚሉኝ አሉ። ይሁና። ኤፍኤም ራዲዮ ራሱ ከ15,000 በላይ አያስተላልፍም፣ የኔ ጆሮም ዕድሜው ገፍቷል። ካርቶን ላይ "1000 ዋት" የሚል ትዊተር ግን ከእነ ካርቶኑ ተዉት። ስትገዙ ሁለት ቁጥር ብቻ ጠይቁ፣ ዲሲቤልና ኦም። ቁጥር የሌለው አሮጌ ዕቃ ከሆነ ስልክ፣ ትንሽ አምፕና ካፓሲተር ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ገበያ መሃል አጫውቱት። ሰው ይሰበሰባል፤ ግድ የለም። በባትሪ ድንጋይ እየነካችሁ ግን አትሞክሩ፤ እሱ ለትልቁ ስፒከር ነው።

መሪጌታን እንደገና ጠራኋቸው። ያንኑ ቅጂ ከፈትኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። "አሁን መጣ" አሉ። ትንሽ ቆይተው "የግራው ግን ከቀኙ በልጦ ይጮሃል" ብለው ጨመሩ። ከሌላ ሳጥን ያመጣሁት አራተኛው ትዊተር ግራ ነበር። የ2.2 ኦም ሬዚስተር ጨመርኩበት፣ መሪጌታም ዝም አሉ፣ ቡናቸውን ጠጡ።

ከዶሞቹ አንዷ አሁንም መሳቢያ ውስጥ አለች። ጤነኛ ናት፣ 89 ዲሲቤል፣ 8 ኦም። የሚፈልግ ካለ በግማሽ ዋጋ እሸጣለሁ። ደረሰኝም አላት፤ ማኅተም ግን የለውም።