የሎፍታችን ኮርኒስ ለምን ጠቆረ

ቤታችን እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ከተማ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ ጣሪያው ስሌት በሚባል ስስ የድንጋይ ሰሌዳ የተከደነ ቤት። ሎፍቱ፣ ማለትም ከጣሪያው ስር ያለው ክፍል፣ የልጃችን መኝታ ነው። ብርዱ አላስተኛ ስላለው ኢንሱሌሽን (ሙቀት እንዳይወጣ የሚይዝ ነገር) ለማስገባት ወሰንን።

ዕቃ ማውረዱ፣ አሮጌውን ኮርኒስ ማፍረሱ ቀላል ነው። ማስክና ጓንት አድርጉ፣ አለቀ። ያቃጠለኝ ዘንበል ያለው ጣሪያ ነው።

በድጎማ ፕሮግራም የመጡት ሠራተኞች ሱፍ የሚመስለውን ኢንሱሌሽን በወራጆቹ፣ ጣሪያውን በተሸከሙት ዘንበል ያሉ እንጨቶች፣ መካከል ጠቀጠቁት። ድንጋዩ ድረስ አስጠግተው፣ በጂፕሰም ዘግተው ሄዱ። ክፍሉ ሞቀ፣ ደስ አለን። ብርዱ ሲጠነክር ግን ኮርኒሱ ላይ ቢጫ ክብ ወጣ። ቀጥሎ ጥጉ በሻጋታ ጠቆረ።

ሠራተኞቹን ለላከው ድርጅት ደወልኩ። የላኩት ሰውዬ በእርጥበት መለኪያው ግድግዳውን ነካ ነካ አደረገና «ምግብ ማብሰል ታበዛላችሁ፣ መስኮት አትከፍቱም» ብሎ ፎርሙ ላይ ጻፈ። ወጥ የምንሠራው ሁለት ፎቅ ታች ነው! ኮርኒሱን ከፍቶ ለማየት እንኳ ፈቃደኛ አልነበረም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

በኋላ አናጢ የነበሩ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን አባት መጥተው አዩት። «ልጄ፣ ክፈተው» አሉኝ። አንዱን ሰሌዳ ስናነሳ ሱፉ ሲጨመቅ ውሃ ያወጣል። ወደ ውስጥ በወጣው በእያንዳንዱ ምስማር ጫፍ ላይ ጠብታ ተንጠልጥሏል።

ነገሩ ይኸው ነው። ከክፍሉ የሚወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛው ድንጋይ ጋ ሲደርስ ውሃ ይሆናል። አየር የሚያልፍበት ቦታ ካለ ይደርቃል፤ ከሌለ እንጨቱን ያበሰብሳል። በእንደዚህ ዓይነት አሮጌ ጣሪያ ላይ ከድንጋዩ ስር 50 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተዉ፤ ከክፈፉ እስከ አናቱ ሳይቋረጥ።

በየበራሪ ወረቀቱ የሚጻፈው 270 ሚሊ ሜትር ሱፍ ለጠፍጣፋው ክፍል ነው። ለዘንባላው አትስሙት። የእኛ ወራጅ 100 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ግማሹን ለአየር ትተን በግማሹ ጠንካራ የፎም ሰሌዳ አስገባን። ከወራጆቹ በታች ሌላ ሰሌዳ መታን፣ መገጣጠሚያውን በአሉሚኒየም ቴፕ አሸግን፣ ከዚያ ጂፕሰም። ክፍሉ ትንሽ ጠበበ፤ ይጥበብ። ዘንድሮ በረዶ ሲጥል ኮርኒሱ ደረቅ ነበር፣ በዚህ እኮራለሁ።

ዘንባላው ስር ካለው አጭር ግድግዳ ጀርባ የምታስገባዋን ትንሽ በርም አትርሱ። ሰሌዳ ለጥፉባት፣ ዙሪያዋን በጎማ አሽጉ።

የሚረጭ ፎም ሊሸጥላችሁ የሚመጣ ካለ በሩን ዝጉበት። ብዙ አበዳሪዎች እሱ በተረጨበት ቤት ላይ ብድር መስጠት ያንገራግራሉ። ቤቱን ልሽጥ ባላችሁ ቀን ጉዱ ይወጣል።

ሠራተኛ ካስገባችሁ ኮርኒሱ ሳይዘጋ ራሳችሁ ውጡ። ባትሪ አብርታችሁ ክፍተቱን እዩ፣ ፎቶ አንሱ። «አያስፈልግም» የሚላችሁን አሰናብቱት። እኛ ለዳግመኛው ሥራ ያወጣነውን ገንዘብ ድርጅቱ እስካሁን አልከፈለንም። ደብዳቤ መጻፌን አላቆምኩም።