የማዳም የዓሣ መስታወት

ሳዑዲ፣ ጅዳ በቤት ሠራተኝነት ቆይቼ አገሬ ሐይቅ ከተማ ከገባሁ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። ትናንት ቤታችን ቡና ተፈልቶ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። የአክስቴ ልጅ አጠገቤ መጥታ፣ «እትዬ፣ እዚያ እኮ ሁሉንም ማሽን ነው የሚያጥበው አሉ። እናንተ ምን ትሠራላችሁ?» አለችኝ። ፓስፖርቷን አውጥታ ጨርሳለች። ልትሄድ ነው።

ወዲያው መልስ አልመጣልኝም። ዓይኔ የእናቴ ማንቆርቆሪያ ላይ አረፈ። ክዳኑ ተከፍቶ ውስጡ ይታያል። ነጭ ኖራ ተጋግሮበታል። ያን ነጭ ነገር ሳይ ሰውነቴ ተሸማቀቀ። የጅዳው የዓሣ መስታወት ትዝ አለኝ።

በሄድኩ በሁለተኛው ወር ነው። ማዳም ያገለገለ አኳሪየም፣ ዓሣ የሚኖርበት የመስታወት ሳጥን፣ ገዝታ መጣች። ርዝመቱ አንድ ሜትር ይሆናል። ውሃው ይደርስበት በነበረው ልክ ዙሪያውን ነጭ ቅርፊት ይዞታል። «ነዲፍ!» ብላኝ ወጣች። አጽጂ ማለቷ ነው። በምን እንደማጸዳው አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። እኛ ቤት ድስት ሲያርር ምን እናደርጋለን? እንፈትጋለን። የድስት ሽቦና የመፈተጊያ ዱቄት አንስቼ ክንዴ እስኪዝል ፈተግኩት። ቅርፊቱ በከፊል ለቀቀ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ማታ እንግዶች መጡ። ማዳም መስታወቱን በመብራት ስታየው ከዳር እስከ ዳር ተጫጭሯል። እንግዶቿን ጠርታ እያሳየች፣ «አገራችሁ መስታወት የለም እንዴ?» አለችኝ። ሁሉም ሳቁ። ከደሞዜም 200 ሪያል ቆረጠች። ገንዘቡን ረስቼዋለሁ። ሳቃቸው ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። እኔ የሐይቅ ልጅ ነኝ። ቆሮሶና አምባዛ ከታንኳ ሲወርድ እያየሁ ነው ያደግኩት። የእኛ የእስጢፋኖስ ገዳም ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የታወቀ የትምህርት ቦታ ነው። ይህን ሁሉ ልነግራት ፈልጌ ነበር። ያኔ በዓረብኛ የማውቀው ግን «ነዲፍ» እና «ሓዲር»፣ እሺ ማለት ነው፣ ብቻ ነበር። «ሓዲር» አልኩና ወደ ማድቤት ገባሁ።

የደረሰችልኝ ጎረቤት ቤት የምትሠራ የባቲ ልጅ ናት። የምንገናኘው ቆሻሻ ልንጥል ስንወጣ ነው። እያለቀስኩ ነገርኳት። «አብሽሪ እህቴ። ይሄ እኮ እድፍ አይደለም፣ ኖራ ነው» አለችኝ። ውሃው ውስጥ ካልሲየምና ማግኒዥየም አለ። ውሃው ሲተን እነሱ ይቀሩና መስታወቱ ላይ ይጋገራሉ። ሳሙናም ጉልበትም አይፈታቸውም። የሚፈታቸው አሲድ ነው። አቼቶ ማለት ነው፣ በእነሱ «ኸል»።

በማግስቱ መስታወቱን በጎኑ አስተኛሁት። አቼቶ የጠጣ ጨርቅ ቅርፊቱ ላይ አለበስኩና እንዳይደርቅ ላስቲክ ደረብኩበት። ጥቃቅን አረፋ ሲያወጣ በዓይኔ አየሁ። ከሰዓታት በኋላ በለስላሳ ስፖንጅ ስነካው እንደ ራሰ ጭቃ ለቀቀ። እምቢ ያለውን በምላጭ ጋደም አድርጌ አነሳሁት። ማዕዘኑ ላይ መስታወቱን ያጣበቀውን ሲሊኮን ግን አልነካሁም፤ እሱ ከተቆረጠ ውሃ ያፈሳል። ከዚያ ደጋግሜ በንጹሕ ውሃ አለቀለቅኩት። ሳሙና አላስጠጋሁም፤ ትራፊው ዓሣ ይገድላል። እኔ በሽቦ የጫርኩት ግን እንዳለ ቀረ። ጭረት በአቼቶ አይጠፋም። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሳየው ኖርኩ።

ዓሣዎቹ መብራት ነበራቸው፣ ማሞቂያ ነበራቸው፣ ምግባቸው በሰዓት ነበር። እኔን ምሳ በልተሻል ወይ ያለኝ ሰው አልነበረም። ይሄ እስካሁን ያመኛል። ግን የእኛም ሰው ጥፋት አለበት። «በርቺ፣ ላኪልን» ብሎ ይሸኛል እንጂ ሥራውን የሚያስተምር የለም። ሴት ልጅ ጽዳትን ከእናቷ ሆድ ተምራ የወጣች ይመስለዋል። ያ ቤት ግን እናቴ ቤት ውስጥ በሌለ ነገር ነው የተሞላው። እብነ በረዱ ሌላ ነው፣ እንጨቱ ሌላ ነው፣ መስታወቱ ሌላ ነው። እብነ በረድ ላይማ ይሄው አቼቶ ራሱ ያበላሻል።

ለአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ ነገርኳት። አንዱን ግን ሦስት ጊዜ ደገምኩላት። በረኪናና አቼቶ በፍጹም እንዳትቀላቅዪ። ሲገናኙ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በር ዘግተሽ ከሆነ ሊገድልሽ ይችላል። ሁለቱም አንድ ቁም ሳጥን ውስጥ ናቸው፣ ጽሑፉም ዓረብኛ ነው። ደላላው ይህን አይነግርሽም። «በምን ላጽዳው?» ማለትን በዓረብኛ ሳትለምጂ አውሮፕላን እንዳትሳፈሪ። የተቆረጠብሽንም ደሞዝ በየወሩ ጻፊ፣ ለቤተሰብ ንገሪ። እኔ አፍሬ ደብቄ ነበር።

ከቡናው በኋላ ማንቆርቆሪያውን አነሳሁ። ሎሚ ጨምቄበት ውሃ ሞልቼ ከሰሉ ላይ ጣድኩት። ልጅቷ ውስጡን አጎንብሳ አየችና፣ «እትዬ፣ ቆይ ሽቦ ላምጣልሽ» ብላ ብድግ አለች። እጇን ይዤ አጠገቤ አስቀመጥኳት።