ከ«ኢዘይየክ» እስከ «ቂፋ ነብኪ»፦ ዐረብኛን በጎልማሳነት

ዐረብኛ የጀመርኩት በ34 ዓመቴ ነው። ዘንድሮ አራተኛ ዓመቴን ያዝኩ። ጀማሪ ሁሉ «በፉስሓ (በመጽሐፉ ዐረብኛ) ልጀምር ወይስ በዓሚያ (በየአገሩ በሚነገረው)?» ይላል። እኔ በዓሚያ፣ በግብፅኛው፣ በ«ኢዘይየክ» (እንዴት ነህ) ጀመርኩ፤ በሱ አልቆጨኝም። የሚቆጨኝ ዓሚያው ራሱ እየጎተተ መጽሐፍ ላይ ያደርሰኛል ብዬ መጠበቄ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ጨዋታ ነበር። የግብፅ ድራማ እንደሆነ ሞልቷል። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ከአንድ ግብፃዊ ጋር በስልክ አወራለሁ። አንድ ቀን የከበደኝን ነገር በትዕግሥት አስረዳኝና ከልብ ላመሰግነው ፈለግኩ። «ሹክረን ሚን ከልቢ» አልኩት። ጸጥ አለ። ከዚያ ሳቁን ለቀቀው። ለካ በዐረብኛ «ከልብ» ውሻ ነው። «ከውሻዬ አመሰግናለሁ» ብዬው አርፌያለሁ! የራሳችን «ከልቤ» ምላሴ ላይ ቀድሞኝ ነው። ትክክለኛው «ቀልብ» ነው፤ እሱን ደግሞ «ቀልቤን ሳበው» ስንል በየቀኑ እንጠራዋለን። ግብፆች «ቀ»ን ውጠው «አልብ» ይሉታል፤ የባሕረ ሰላጤው ሰዎች «ገልብ»።

በሁለተኛው ዓመት መጽሐፍ ገለጥኩ። ምንም! «እፈልጋለሁ» በግብፅ «ዓይዝ» ነው፣ በሻም (በሶርያና በሊባኖስ በኩል) «ቢድዲ»፣ መጽሐፍ ላይ ግን «ኡሪዱ»። ዓመት ሙሉ ስፈልግ የኖርኩት በሌላ ቋንቋ ነበር ማለት ነው። ቅስሜ ተሰበረ። ሁለት ወር ያህል ደብተሬን አልነካሁም።

ስመለስ መጀመሪያ የታገልኩት ከአናባቢው ጋር ነው። በሀ ሁ ሂ ላደገ ሰው አናባቢ የሌለው ጽሑፍ በር እንደሌለው ቤት ነው። ከ-ተ-በ የሚሉት ሦስት ፊደላት ብቻ ተጽፈው «ከተበ» (ጻፈ)፣ «ኩቲበ» (ተጻፈ) ወይም «ኩቱብ» (መጻሕፍት) ሊሆኑ ይችላሉ። በኋላ ግን አንድ ነገር ገባኝ። እኛም እኮ መጥበቅና መላላትን አንጽፍም። «ገና»ን ስናይ በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የሚለው፣ «አለ»ን ስናይ ተናገረ ይሁን ኖረ፣ ማን ይነግረናል? ዐረፍተ ነገሩ ነዋ! ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ቃል መበርበር ትቼ ዐረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻ ማንበብ ጀመርኩ።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው በሥር፣ ቃሉ በተሠራባቸው መሠረታዊ ፊደላት ነው። ዋናዎቹ የዐረብኛ መዝገበ ቃላት ቃሉን የሚያስቀምጡት በሥሩ ስለሆነ፣ ሥሩን ካላወጣህ አታገኘውም። «ኢስተቅበለ» የሚል ቃል ገጠመኝ እንበል። «ኢስተ»ን ሳነሳለት ቀ-በ-ለ ቀረ። ተቀበለ! «ኢስተ» ራሱ «አስተማረ» ላይ ያለው የኛ «አስተ» ዘመድ ነው። «ኪታብ»ም ከ«ክታብ»ና ከ«ክትባት» ጋር ይዛመዳል።

ፊደላችንም ጠቅሞኛል። ልጅ ሳለሁ ዐይኑ ዐ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ ሲባል ትርፍ ጭነት ይመስለኝ ነበር። ዐረቦች ሦስቱንም ለየብቻ ይጠሯቸዋል። ዐይኑ ዐ ስሙም ያው «ዐይን» ነው። ኀሙስ በብዙኃኑ ኀ የሚጻፈውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ እነሱ ዘንድ «ኸሚስ» ነው። አሁን አንድ ቃል ሲጠፋብኝ መጀመሪያ በድሮው አጻጻፍ በግዕዝ ፊደል እጽፈዋለሁ። አንዳንዴ ይሠራል፤ አንዳንዴ ገደል ይከታል።

ሦስተኛውን ዓመት ከ«ከሊላ ወዲምና» ጋር አሳለፍኩ። ኢብኑል ሙቀፍፈዕ በ8ኛው ክፍለ ዘመን ከፋርስኛ የመለሰው የእንስሳት ተረት ነው። አናባቢ የተደረገበትን እትም ያዙ። የመጀመሪያው ገጽ ሦስት ምሽት ወሰደብኝ፤ አሁን በሰዓት ሁለት ገጽ እሄዳለሁ። ተረቱ «ዘዐሙ አንነ…» እያለ ሲጀምር «ነበረ አሉ» የሚል ሽማግሌ ፊቴ የተቀመጠ ይመስለኛል። ከጎኑ ሰዋስው ከ«አል-አጁሩሚያ» አየሁ። ስለ ኢዕራብ (የቃሉ መጨረሻ በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ እንዳለው ሙያ ስለ መለዋወጡ) ብዙ ያስፈራራሉ። «ቀረእቱ ኪታበን» ላይ ያለችው የመጨረሻዋ «አን» ግን «መጽሐፍን አነበብኩ» ስንል የኛን «ን» ሥራ ነው የምትሠራው። ሌሎቹን ሁለት ሙያዎች ግን እስካሁን አምታታቸዋለሁ።

ዘንድሮ ደፈር ብዬ ግጥም ጀመርኩ፤ የ6ኛው ክፍለ ዘመኑን ኢምሩኡል ቀይስን። አካሄዴ በሳምንት ሁለት ቤት ነው። መነሻው «ቂፋ ነብኪ» ይላል፤ «ቁሙ፣ እናልቅስ»። «ቂፋ» ላይ ያለችው «ኣ» ለሁለት ሰው ብቻ የምትነገር ናት። ለአንድ ቢሆን «ቂፍ»፣ ለብዙ ቢሆን «ቂፉ» ይል ነበር። እነዚህ ሁለት ሰዎች እነማን ናቸው ብዬ ወደ ላይ ተመልሼ ፈለግኩ። የግጥሙ የመጀመሪያ ቃል መሆኑ ትዝ ያለኝ ሽፋኑ ላይ ከደረስኩ በኋላ ነው።