«መጥፎ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ዛሬ ማታ ልጄን የእኅቱን ደብተር ቀድዶ አገኘሁት። ጣቴን ቀስሬ «ይህ መጥፎ ሥራ ነው!» አልኩት። አቀርቅሮ ይቅርታ ይጠይቃል ብዬ ስጠብቅ ቀና ብሎ አየኝና «አልወደድኩትም ማለትህ ነው?» አለኝ።

ገና ሰባት ዓመቱ ነው። መልስ አጣሁ። በእጁ የያዘው ገጽ ለሁለት ተከፍሏል፤ እኅቱ የሣለችው ወፍ ክንፏ በአንዱ ቁራጭ፣ ራሷ በሌላው ቀርቷል። እኔ ግን ወፏን ትቼ ጣቴን አየሁ። አሁንም እንደተቀሰረ ነው።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ አልፍሬድ ኤየር እ.ኤ.አ. በ1936 ያለው ይህንኑ ነበር። «ገንዘቡን መስረቅህ ስሕተት ነው» የሚል ሰው «ገንዘቡን ሰረቅህ» ከሚለው የበለጠ አንዳች እውነታ አልነገረንም፤ የጨመረው ቢኖር የመጸየፍ ድምፅ ወይም ቃለ አጋኖ ነው። የእኔ ቃለ አጋኖ እንግዲህ ጣቴ መሆኑ ነው። (ኤየር ያን ሲያሳትም ዕድሜው 25 ነበር፤ ልጅ መገሠጽ ገና አልጀመረ ይሆናል።)

ነገሩ ግን አልተዋጠልኝም። ቢጫ ቀለም አልወድም ስል ሌላው እንዲጠላው አልጠብቅም። «መጥፎ» ስል ግን ማንም እንዳያደርገው እያዘዝኩ ነው፤ ሌላው ፈላስፋ ሪቻርድ ሄር እ.ኤ.አ. በ1952 እንደተከራከረው፣ ትእዛዙ ተናጋሪውንም ያስራል።

ይህን ለልጅ እንዴት እንደማስረዳ ሳሰላስል እርሱ ቀደመኝ።

«አንተ ራስህ ብታደርገውስ?»

«እኔም ባደርገው መጥፎ ነው።»

ጥቂት አሰበና ማጣበቂያ ፍለጋ ሄደ።